በረዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት የት እንሂድ? ከጎንደር ለሚነሳ ሰው የተጻፈ መመሪያ

«በረዶ ለማየት ነው ይህን ሁሉ ብር የምታወጣው? ሰኔ ላይ በነጻ ይመጣልህ የለ!»

እናቴ ናት እንዲህ ያለችኝ። ለአጭር ሥልጠና ኦስሎ ልሄድ ነበር። በረዶ ለማየት ብዬ ሁለት ቀን በራሴ ወጪ ልጨምር ነው ስላት ነው። እውነቷን ነው፤ ጎንደር ያደገ ሰው በረዶ ያውቃል። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤት ውስጥ መደማመጥ አይቻልም። የጓሮውን ጎመን ወንፊት አድርጎት ያልፋል። ልጆች ሆነን እየለቀምን አፋችን ውስጥ የምንከተው እሱን ነበር።

ችግሩ ቃሉ ላይ ነው። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ባዘቶ ቀስ እያለ የሚወርደውንም በረዶ እንለዋለን። መጽሐፍ የሚያዘወትሩ ሰዎች የመጨረሻውን «አመዳይ» ይሉታል። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን «ስኖው» ይላሉ። ከዚህ በኋላ በረዶ ስል ባዘቶውን ማለቴ ነው።

ሌላም የቃል ወጥመድ አለ። ፈረንጅ «የክረምት ዕረፍት» ሲል ታኅሣሥን፣ ጥርንና የካቲትን ነው የሚያስበው። ያ ለእኛ በጋ ነው። የእኛ ክረምት፣ ማለትም ተማሪ ቤት የሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ፣ አውሮፓ ላይ ሙቀት ነው። ልጆቹን ይዞ ሐምሌ ላይ ቪየና በረዶ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አይስክሬም በልቶ ይመለሳል። ይህን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ከሁሉ በፊት፦ ሲወርድ ነው ወይስ ወርዶ ማየት የምትፈልጉት?

ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም። ሁሉም የሚከተለው ግን ከዚህ ነው።

በረዶ ሲወርድ ማየት ዕድል ነው። በቲኬት አይገዛም። ለአንድ ሳምንት ኦስሎ ተቀምጣችሁ አንድም ላይወርድ ይችላል። የወረደ፣ መሬት ላይ የተከመረ፣ ገብታችሁበት የምትጫወቱበት በረዶ ማየት ግን በዕቅድ ይሆናል። ትክክለኛውን ወርና ትክክለኛውን ከፍታ መምረጥ ነው። የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ለተከመረው ዕቅድ አውጡ፣ የሚወርደው ከመጣ ምርቃት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፊልም ትዕይንት ፈልጎ ትልቅ ከተማ ሲመርጥ ነው። ትልቅ ከተማ ደግሞ ይሞቃል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ በሁለተኛው ቀን የምታገኙት ጥቁር ጭቃ ነው።

ሰሜን ተራሮች አፍንጫችን ሥር እያለ?

ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ባልፍ የጎንደር ሰው አይለቀኝም። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ታዲያ ምን አዲስ አበባና ውጭ አገር ያስኬዳል?

የጥንቶቹም በረዶ አለ ብለው ጽፈዋል። አዱሊስ ላይ የነበረ አንድ የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ ነበር። ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገልብጦታል። ንጉሡ የሰሜን ሰዎችን ወጋሁ ይላል፤ ተራሮቻቸው ለመውጣት አስቸጋሪ፣ ብርድና ውርጭ የበዛባቸው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለባቸው ናቸው ይላል። እስከ ጉልበት!

ዛሬ ግን እንደዚያ አታገኙትም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆንበት ከፍታ ወደ 5,000 ሜትር ይጠጋል። ራስ ደጀን ትንሽ ሳይደርስበት ይቀራል። በዚያ ላይ ብርዱና እርጥበቱ አይገናኙም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ግን ሰማዩ ደረቅ ነው፤ የምታገኙት ጠዋት ሣሩ ላይ የተጋገረ ውርጭ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ሞልቷል፣ ብርዱ ግን አይበቃም። አንዳንዴ ጫፎቹ ነጭ ለብሰው ያድራሉ፤ ረፋድ ላይ የሉም። ስለዚህ ሰሜንን ለጭላዳውና ለዋልያው ሂዱበት። በረዶ ካጋጠማችሁ ሎተሪ ወጣላችሁ ማለት ነው። የመንገዱን ሁኔታ ግን ደባርቅ ያለ ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ።

ከዚህ መንገድ አንድ ትምህርት ያዙልኝ። ሚኒባሱ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲቃረብ መስኮቱ ሁሉ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ኋላ ይጠቅመናል።

ቀኑን ቁረጡ

ለሰሜኑ ዓለም የእኔ ምርጫ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው። የጎንደር ሰው ጥምቀትን ትቶ የሚሄድ ከሆነ መቼም ቤተሰቡ ይቅር አይለውም። ደግነቱ የበረዶውም ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ በብዙ ቦታ በረዶው ገና እየጀመረ ነው፤ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ተከምሯል። የፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት ስላለፈ ሆቴልም ይረክሳል። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ የአውሮፓ ተማሪዎች ዕረፍት ይመጣና ዋጋው እንደገና ይሰቀላል። አንድ ነገር ብቻ፤ ከጥምቀት ማግስት ከአዘዞ አዲስ አበባ የሚበርረው አውሮፕላን በእንግዳ ይሞላል። ያንን መቀመጫ ቀድማችሁ ያዙ።

ከሐምሌና ከነሐሴ ሌላ ጊዜ የማይመቻችሁ መምህር ወይም ተማሪ ከሆናችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከምድር ወገብ በታች ክረምቱ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ሐምሌ ላይ ሌሶቶ ተራሮች ላይ በረዶ ይወርዳል። አዎ፣ አፍሪካ ውስጥ።

አሁን ቦታውን እንምረጥ

እውነት እንነጋገር። እኛ አገር የምንመርጠው ፓስፖርታችን የፈቀደልንን ያህል ነው። ስለዚህ ከቀላሉ ልጀምር።

ኬንያ፦ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልገውም። የኬንያ ተራራ ከፍተኛው ጫፍ 5,199 ሜትር ነው፤ እሱ ገመድ ይፈልጋል። በእግር የሚወጣው ሌናና የሚባለው ጫፍ 4,985 ሜትር ነው። አራት አምስት ቀን ይፈጃል። ዋስትና ያለው በረዶ ግን የለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚቆየው ግግር በረዶ እያለቀ ነው፣ ሌሊት የወረደውን ጠዋት ማግኘት ግን ይቻላል። ተራራ መውጣት ለሚወድ ጥሩ ነው፤ ለአባትና ለእናት አይሆንም። የታንዛኒያው ኪሊማንጃሮም (5,895 ሜትር) እንዲሁ ነው፣ የበለጠ ውድና የበለጠ አድካሚ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣው ሰው ትንሽ እንሻላለን፤ ያም ሆኖ ከፍታ ማንንም ይጥላል። ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ዱባይ፦ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የተሠራ በረዶ አለ። ስኪ ዱባይ ይባላል፣ 2005 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ነው የተከፈተው። ውጭው 40 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ ከዜሮ በታች ነው። ጃኬቱም፣ ሱሪውም፣ ጫማውም ከመግቢያው ጋር ይሰጣል። ሰው ሠራሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ዕቃ ለማምጣት ዱባይ የሚመላለስ ሰው፣ ወይም ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው በግማሽ ቀን ጉጉቱን ይወጣል። ሰማይ ግን የለውም። ያንን ማወቅ ነው።

ሌሶቶ፦ አፍሪስኪ የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ አለ። የሚሠራው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ሰማዩ ካልሰጠ በመሣሪያ በረዶ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም። አዲስ አበባ–ጆሃንስበርግ በረራ አለ፤ ከዚያ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። አድካሚው ወረቀቱ ነው። የደቡብ አፍሪካ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የሌሶቶን ለብቻ ጠይቁ፤ ወጥታችሁ ስለምትመለሱም ደቡብ አፍሪካ ሁለቴ የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጡ።

ህንድ፦ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን ለአቅሙ የሚበቃ ምርጫ ይመስለኛል። ለሕክምና ዴልሂ የሚሄደው ሰው ብዛት ይታወቃል። ከዴልሂ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛችሁ ማናሊ ትገባላችሁ። ማናሊ የጎንደርን ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ግን ከእኛ በጣም ወደ ሰሜን ስለሆነች ጥርና የካቲት ላይ በረዶ አታጣም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ሶላንግ ሸለቆ አለ። በመንገዱ ዳር የበረዶ ልብስና ቦት ጫማ የሚያከራዩ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ምንም ሳትይዙ ብትሄዱ እንኳ ለብሳችሁ ትወጣላችሁ። ሶላንግ ካነሰባችሁ በ2020 የተከፈተው 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን አታል ዋሻ ከተራራው ወዲያ ማዶ ያወጣችኋል። ሌሊት በወረደው በረዶ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ ሁለት ትርፍ ቀን ያዙ። ለታማሚ አስታማሚ ሆኖ የሄደ ሰው ይህን ያስብበት፤ ታማሚውን ግን ወደዚያ ብርድ አትውሰዱ።

ቱርክ፦ ኢስታንቡል ራሷ አንዳንድ ዓመት ነጭ ትሆናለች፣ አንዳንድ ዓመት ዝናብ ብቻ ነው። ከቡርሳ ከተማ በገመድ መኪና (ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄደው) የሚወጣበት ኡሉዳግ ተራራ ግን 2,543 ሜትር ነው፤ የካቲት ላይ አያሳፍርም። ገበያም፣ ምግብም፣ በረዶም በአንድ ጉዞ ለሚፈልግ ይህ ነው።

እስራኤል፦ ጎንደር ውስጥ እዚያ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። የሄርሞን ተራራ ከጥር እስከ መጋቢት ነጭ ይሆናል። የጸጥታው ነገር ሲበላሽ ስለሚዘጋ ብቻውን ዓላማ አድርጋችሁ አትሂዱ፤ ዘመድ ጥየቃ ከሄዳችሁ ግን አስቡት።

አውሮፓ፦ እዚህ ላይ ከተማ አትምረጡ፤ ከከተማ በአጭር ሰዓት የሚደረስበት ተራራ ያለውን ምረጡ። ጄኔቭ ብትገቡ ሻሞኒ የምትባለው የፈረንሳይ የተራራ ከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ከዚያ በገመድ መኪና ወደ 3,800 ሜትር ትወጣላችሁ፤ እዚያ በረዶው ዓመቱን ሙሉ አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዩንግፍራውዮህ የሚባለው ቦታ 3,454 ሜትር ላይ ነው፣ ከ1912 ጀምሮ ባቡር ይደርሰዋል። ውድ ነው፤ ግን ሽማግሌ እናት እንኳ ተቀምጣ የምትወጣበት የበረዶ ተራራ ሌላ አላውቅም። ሐምሌ ላይም በረዶ አለው።

ቻይና ሃርቢን ከረጋው በረዶ (ከባዘቶው ሳይሆን) ቤት የሚሠሩበት ትልቅ በዓል አላቸው። ቆንጆ ነው። ብርዱ ግን 20 ከዜሮ በታች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

ለምን አልመክርም? በረዶ የሚጋገረው ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው። እንደ እርጥብ ዱቄት ይታዘዛል፤ ድቡልቡል ይሆናል፣ ሰው ይሠራበታል። በጣም ሲበርድ ደረቅ ይሆንና በጣታችሁ መሃል ይፈሳል። ልጆች «የበረዶ ሰው እንሥራ» ብለው ሄደው እጃቸው ላይ ይበተንባቸዋል። ከዜሮ እስከ ሲቀነስ 5 ያለው ቦታ ለጀማሪ ይስማማል።

የእኔ ስሕተት

ኦስሎን የመረጥኩት ሥልጠናው እዚያ ስለሆነ ነው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ነበር። ኖርዌይ ናትና ከአውሮፕላን ስወርድ በረዶ የሚጠብቀኝ መስሎኛል። ዝናብ ተቀበለኝ። አምስት ቀን ሙሉ ዝናብ። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር 9 ሲል ፀሐይ ትገባለች፤ ከሥልጠና የምወጣው በጨለማ ነው።

በመጨረሻው ቀን የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ «በ1 ቁጥር ባቡር እስከ መጨረሻው ሂድ» አለኝ። ፍሮግነርሴተረን ይባላል። ከባሕሩ 469 ሜትር ከፍ ይላል፤ እዚህ ቢሆን ኮረብታ እንኳ አንለውም። ባቡሩ ሲነሣ መስታወቱ ላይ የዝናብ ጠብታ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ጠብታው መውረዱን ትቶ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ሆልመንኮለን ስንደርስ ዛፎቹ ነጭ ነበሩ። ያ የደባርቅ ሚኒባስ ሂሳብ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወጣህ፣ 3 ዲግሪ ወረድክ። ከታች ሲደመር 2፣ ከላይ ሲቀነስ 1። አምስት ቀን ሙሉ በረዶው የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር፣ እኔ ከታች ጃንጥላ ይዤ እዞራለሁ።

ስለዚህ የትም ብትሄዱ ይህን አድርጉ። የከተማውን ሳይሆን የምትወጡበትን ቦታ ከፍታ ፈልጉ። ከመነሣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት የቦታውን ስም ጽፋችሁ የቀጥታ ካሜራ ክፈቱ፤ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አላቸው። ሜዳው ነጭ ከሆነና የጥልቀቱ መረጃ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ካለ ሂዱ። ሣር ከታየ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ።

ወረቀቱ

ቪዛ ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው፤ አንድ የጉዞ ወኪል «ግዴለም፣ ቲኬቱን ግዛና ቪዛው ይመጣል» ብሎኝ በሌላ ጊዜ ብሬ ቀልጦ ቀርቷል። ቦታ ማስያዣ ብቻ ይበቃል።

ለአውሮፓ የሸንገን ቪዛ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ከ2024 ወዲህ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ከጥምቀት በኋላ ለመብረር ያሰበ ሰው ጥቅምት ላይ ማመልከት አለበት ማለት ነው፤ ማመልከቻ እስከ 6 ወር ቀድሞ ይቀበላሉ። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውረዳችሁን ከወጪው ጋር ደምሩት። የባንክ ደብተራችሁ ላይ ትናንት የገባ ብር ማንንም አያታልልም። የሥራ ደብዳቤ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ የቤት ወይም የንግድ ወረቀት፤ ዋናው ነገር እንደምትመለሱ ማሳየት ነው።

የቢጫ ወባ ካርድ አትርሱ። ህንድም ደቡብ አፍሪካም ከኢትዮጵያ የመጣን ሰው ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ነው።

ልብስ

ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን ለሆቴሉ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ በረዶ ላይ ከረጠበ ከብርዱ ይብሳል። ለዚያው ምክንያት ጂንስም አይሆንም። ከሥር ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ መሃል ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት።

ጃኬቱን አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ ግቡ። የበረዶ ጃኬት በውስጥ በኩል ወገቡ ላይ ላስቲክ ያለው አጭር ቀሚስ የመሰለ ጨርቅ አለው። በረዶ ከሥር እንዳይገባ ነው። እዚህ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ አንዳንዱ ሻጭ ቆርጦ ይጥለዋል። እሱ ያለበትን ካገኛችሁ ሳትከራከሩ ግዙ። እሺ፣ ትንሽ ተከራከሩ።

ጫማ ላይ ግን አትቆጥቡ። ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ የሚቧጥጥ፣ ሁለት ካልሲ የሚያስገባ ይሁን። ጓንትና መነጽር ያዙ። ነጩ በረዶ ፀሐይን ወደ ፊታችሁ መልሶ ይረጫል፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ዓይንም ያማል። ጃኬቱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ ብርዱ ግን በር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ ቆሞ መንሸራተት፣ ለመማር አትነሡ። ሁለት ቀን ስትወድቁ ያልፋል። ሸርተቴ ተከራዩ፤ ተቀምጦ መንሸራተት ማንም ይችላል። እኔ ኦስሎ፣ እዚያ ኮረብታ ላይ ያለውን 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሸርተቴ መንገድ አንዴ ወርጄ በባቡር ተመልሼ ደገምኩት።

በእግራችሁ ስትረግጡት ደረቅ ቆሎ እንደመርገጥ ቅርጭ ቅርጭ ይላል። ባዶ እጄን ከተትኩበት፤ መጀመሪያ ምንም፣ ቀጥሎ ቃጠሎ። ጣት ከደነዘዘና ከነጣ ብብት ሥር ከትታችሁ አሙቁት፤ አትሹት፣ እሳት ላይም አትያዙት።

ስልክ በውስጥ ኪስ፣ ከገላ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ። ባትሪ በብርድ ሳይታሰብ ይሞታል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስልኬን በእጄ ይዤ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ካሜራውን ወደ ላይ አዞርኩላት። ዝም ብላ አየች። ከዚያ «ድምፁን ክፈተው እንጂ፣ አይሰማኝም» አለች።

«ድምፅ የለውም እማዬ» ልላት ስል ስልኩ ጠፋ።